እትዬ ፈዲላ እና የካሜራዬ አፍንጫ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገብቶ አገኘሁ። ከወራቤ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማል። ቀጥሎ «ይቀዳል እንዴ ይሄ? የታለ ቀዩ?» የሚል፣ ከአጠገብ ካለ ሰው ጋር ንትርክ። ከዚያ ዶሮ። ከዶሮዋ በኋላ፣ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሌላ ነገር የማይወጣው ያ ድምፅ መጣ፦

«ሲፈን፣ ይሰቀል ብያለሁ። ዝቅ አድርገሽ እንዳትሰቅዪው ብቻ። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያየው ፎቶ የወደቀ ፎቶ ነው።»

ይሰቀል! አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጮህኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር የጠራሁት መስሎት ጥግ ያዘና «ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«የትም! ደስ ብሎኝ ነው!»

«ታዲያ ዳር ይዘሽ ደስ ይበልሽ እንጂ!» ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ያስጮሁኝ ሴትዮ እትዬ ፈዲላ ይባላሉ። ሰበታ ውስጥ በጅማ መንገድ ዳር የነበረችው ፎቶ ቤት ባለቤት ናቸው። «የነበረችው» ያልኩት መንገዱ ሲሰፋ ያ የሱቆች ረድፍ በሙሉ ስለተነሳ ነው። እሳቸውም ዕቃቸውን ጭነው ወራቤ፣ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። በሕይወቴ እንደ እሳቸው ያናደደኝ ሰው የለም። ፎቶ ማንሳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ደስታዬ ሳይበርድ ልጽፈው የተቀመጥኩትም ለዚህ ነው፤ ከበረደ ያናደዱኝ ብቻ ትዝ ሊለኝ ይችላል።

አክስቴ ከዱባይ ስትመጣ ካሜራ አመጣችልኝ። ትንሽ ጥቁር ዲጂታል ካሜራ ነው። ሲከፍቱት «ጢው» ይልና ሌንሱ ከሆዱ ይወጣል፤ ዙሙን ሲገፉት ደግሞ እየረዘመ፣ እየረዘመ ይሄዳል። በእሱ ከበረንዳችን ላይ ሆኜ የወጨጫን ተራራ ዛፎች አንድ በአንድ አያለሁ። ያን ሰሞን እኔን የሚያህል ሰው ሰበታ ውስጥ አልነበረም። ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ፎቶ አምጡ ሲባል ጓደኞቼ ፎቶ ቤት ተሰለፉ። እኔ ግን ካሜራዬን መደርደሪያ ላይ አስደግፌ ራሴን አነሳሁና፣ ማሳተም ብቻ ነው የቀረኝ ብዬ ኮራ እያልኩ ሄድኩ።

እትዬ ፈዲላ ሜሞሪውን ኮምፒውተራቸው ላይ ሰኩት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ማነው ይሄ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺንማ እያየሁሽ ነው። ይሄኛውን ነው የጠየቅኩሽ። ግማሽ ፊቱ ጨለማ፣ ግማሽ ፊቱ ቅቤ የተቀባ። ኋላው ደግሞ ፎጣ ተንጠልጥሏል።»

«እትዬ፣ ማተም ብቻ ነው የፈለግኩት።»

«አላትምም።»

አላትምም የሚል ፎቶ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልወጣ ስል ክንዴን ይዘው ወደ መስታወቱ መሩኝ። ጥግ ጥጉ የተላጠ መስታወት ነው፤ ከሚስማሩ ላይ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ ተንጠልጥሎበታል። አጠገቡ ለጉርድ ፎቶ የሚያውሱት ግራጫ ኮት አለ። ከሰበታ ወንዶች ግማሹ መታወቂያው ላይ የለበሰው ያንን ኮት ነው፤ አባቴን ጨምሮ። ማበጠሪያውን ውኃ ነክረው ግንባሬ ላይ የቆመውን ፀጉር አስተኙት፣ ኮሌታዬን አቃኑ፣ ትከሻዬን እንደ በር አዞሩት።

«አገጭ ዝቅ። ትከሻ ወደ ቤቱ። ዓይንሽን ለመንግሥት ስጪ፤ ሳቁን ለእናትሽ አስቀምጪላት።»

አንዴ ብቻ ተጫኑት። ጉርድ ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ የታሰረ ይመስላል አይደል? እኔ እኔን መሰልኩ። በጣም ተናደድኩ። «እንዴት ነው ግን እንዲህ የሆነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ይህችን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ እስከ ዛሬ በሰላም እኖር ነበር።

«ቅዳሜ ነይ» አሉኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ካሜራዬን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበትና በምትኩ ማበጠሪያውን ሰጡኝ። እውነቴን ነው። ሌላው ዩቲዩብ ላይ ስለ ብርሃን፣ ስለ ፎከስ ሲማር እኔ በየቅዳሜው የሰው ከረባት ሳስር፣ የሰው ላብ ስጠርግ፣ የሕፃን ንፍጥ ሳብስ ከረምኩ። «ካሜራውስ?» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ካሜራ አይሸሽም። ፊት ነው የሚሸሸው። መጀመሪያ ፊቱን ያዢ።»

ፊት እንዴት እንደሚያዝ ግን አይናገሩም፤ ቆመሽ እዪ ነው። ለመንጃ ፈቃድ ሊነሳ የመጣ ጎረምሳ ደረቱን ነፍቶ ሲቀመጥ «ምን ልትነዳ ነው?» ይሉታል። «ሲኖትራክ» ይላል። «በዚህ አንገት?» ይሉታል። ሲስቅ ዝም ይሉታል። ሳቁ አልቆ ፊቱ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ቀጭ! አለቀ።

አንድ ቀን አንድ ቤተሰብ ተመርቃ ከመጣች ልጃቸው ጋር መጣ። አባትየው ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«ኦቦ፣ መነጽሩን ያውልቁት» አሉ እትዬ ፈዲላ።

«ዓይኔን ያመኛል።»

«ነገ ይቺ ልጅ ለልጆቿ ስታሳይ ‹አባቴ ይሄ መነጽር ነው› ትበል?»

ሰውየው አወለቁት። ዓይናቸው ፍም መስሏል፤ ሲያለቅሱ ነው የዋሉት። እትዬ ፈዲላ ወዲያው ወደ አምፖሉ ዞረው «ኧረ ይሄ አምፖል ገና አልሞቀም! ሁላችሁም ውጡልኝ፣ ንፋስ ተቀበሉ፣ ሲሞቅ እጠራችኋለሁ» ብለው አስወጧቸው። በሩ ላይ ሌላ ሰልፍ አለ፤ ሰው ያጉረመርማል፤ እኔ ደግሞ ምሳ አልበላሁም።

«እትዬ፣ አምፖሉ እኮ ማሞቅ አያስፈልገውም!»

«አውቃለሁ። ሰውየው ፊቱን ይታጠብ።»

እንዲህ ናቸው። አትጠሏቸው ነገር፣ ይሄን ያደርጋሉ። አትወዷቸው ነገር፣ ምሳ አያበሉም።

ካሜራዬ ከመሳቢያ ሲወጣ ንዴቴ ያበቃል ብዬ ነበር። ገና ጀመረ! ጥቂት እንዳነሳሁ ይቀሙኝና በጨርቅ ሸፍነው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል፤ «ይረፍ» ብለው። «እትዬ፣ ካሜራ አይደክመውም!» ስላቸው «አንቺም አይደክመኝም ትያለሽ፤ ማታ እንዴት እንደምትወድቂ እናትሽን ልጠይቃት?» ይላሉ። አንዴማ ሌንሱን በሻሻቸው ጫፍ፣ እንትፍ ብለውበት፣ ሲወለውሉት ደረስኩ። ራሴን ልስት ምንም አልቀረኝም። ጎበዝ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የመጨረሻው ሙገሳቸው «አይጠላም» ነው፤ እሱንም በዚያ ሁሉ ጊዜ ለአንድም ፎቶዬ አላገኘሁም።

ትልቁ ጠባችን ግን በዙሙ ነበር። እሳቸው ዙም አይሉትም፤ «አፍንጫው» ነው የሚሉት። አጠቃቀሙን በደንብ አስተምረውኛል፤ አልዋሽም። አፍንጫው ሲረዝም እጅ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ክርንን ከጎን ማጣበቅ እንደሚሻል፣ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭኖ አረንጓዴው እስኪበራ መጠበቅን ከእሳቸው ነው የለመድኩት። ለወፍም፣ ለተራራም ይፈቅዳሉ። ወደ ሰው ሳዞረው ግን «አፍንጫውን መልሺው!» ይመጣል። «ሰው ቤት በአፍንጫ አይገባም።»

«እትዬ፣ ሰው ሳያውቅ ሲነሳ እኮ ነው የሚያምረው!»

«ይመር። ግን ወስደሽ ትሰጪዋለሽ? ባለቤቱ እጅ ያልገባ ፎቶ ገና አልተነሳም።»

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ገበያ ለገበያ እየዞሩ ነበር የሚሠሩት፤ እሳቸው ያነሳሉ፣ እትዬ ፈዲላ ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ የታጠበውን ፎቶ ይዘው ሰው በሰው ይፈልጋሉ። ያ ሥራ ከእግራቸው ቢወጣም ከልባቸው አልወጣም።

«መቶ ሰው ባነሳ ለመቶ ሰው ልዙር?»

«ታዲያ መቶ አታንሺያ!»

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው የከተማችን የወጣቶች ማዕከል የወጣቶችን ፎቶ ሊሰቅል ነው የተባለው። ለአንድ ሰው አንድ ፎቶ። የቱን እንደማስገባ ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። በዕረፍቱ ሰሞን ሱሉልታ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ከበረንዳው ማዶ የወተት መረከቢያ አለ። አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ አፍንጫውን እስከ መጨረሻው አርዝሜ አንዲት ሴት አነሳሁ። የወተት ቢዶን በእጇ ይዛ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ሞልታ ትስቃለች። ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽ እንኳ ይታያል። እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። እየሮጥኩ ለእትዬ ፈዲላ አሳየኋቸው፤ ዛሬ እንኳ «አይጠላም» ካላሉኝ ካሜራውን እሸጠዋለሁ ብዬ።

መነጽራቸውን አወረዱ።

«ሳቋ ያምራል። ልብሷን አይተሻል?»

«ጥቁር ነው። ከነጩ ጉም ጋር ኮንትራስቱ...»

«ኮንትራስት! ከአናት እስከ እግር ጥቁር የለበሰች ሴት ምን ላይ ናት? ሐዘን ላይ ናት፣ ልጄ።»

እኔ ያየሁት ቀለም ነበር። ሐዘን መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት።

«ወረቀቱን ይዘን እንሄዳለን» አሉ።

«የት?»

«ሱሉልታ።»

ከሰበታ ሱሉልታ ማለት አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ፣ እንጦጦን ወጥቶ፣ ወርዶ ነው። በየታክሲው ውስጥ የታተመውን ፎቶ በፖስታ አድርገው ደረታቸው ላይ አቅፈውት ሄዱ። ሱሉልታ ስንደርስ የወተት ተረካቢውን በዚያው ፎቶ እንጠይቀው ብዬ እጄን ስዘረጋ በጥፊ መቱኝ፤ እጄን ማለቴ ነው።

«ከፎቶው ባለቤት በፊት ማንም አያየውም!»

«ታዲያ እንዴት ነው የምናገኛቸው?»

«አፍ የለንም?»

አስቡት። የሴትዮዋ ፎቶ በእጃችን አለ፣ እኛ «ረዘም ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ወተት የሚያመጡ» እያልን በአፍ እንፈልጋለን። ሱሉልታ ውስጥ ወተት የማያመጣ ማን አለ? ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው አንድ ግቢ በር ላይ የደረስነው። አዴ ጫልቱ ነበሩ። ያው ጥቁር፣ ያው ቁመት፣ ሳቁ ብቻ የለም።

«አካም ጂርቱ?» አሉ እትዬ ፈዲላ፤ ከዚያ ወደ አማርኛው ተመልሰው «ፈጣሪ ያጽናሽ፣ እህቴ» አሉ።

አሁን ፎቶውን ያወጡታል ስል ተቀመጡ! ስለ ሟች ጠየቁ። ስለ ላሞቹ ጠየቁ። ስለ መኖ ውድነት አብረው አዘኑ። «እኔም የሄደብኝ ባል አለ» ብለው የራሳቸውን አወሩ። እኔ በእግሬ እግራቸውን እነካለሁ፤ እግራቸውን ይሰበስባሉ። ብርሃኑ እየሄደ ነው፤ ፎቶ ማስገቢያው ጊዜም እየደረሰ ነው። በመጨረሻ ፖስታውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

አዴ ጫልቱ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። ከዚያ አራቁ።

«መቼ ነው ይሄ?»

ነገርኳቸው። ከበረንዳው ላይ ሆኜ መሆኑንም ነገርኳቸው።

«የዚያን ቀን ተረካቢው የእሱን ነገር እያነሳብኝ ነበር» አሉ፣ ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። «ከሚዛኑ ጋር እንዴት ይጣላ እንደነበር። ሚዛኑን ይሰድበው ነበር እኮ፣ እንደ ሰው! ‹አንተ ሌባ› እያለ። ከቀበርኩት ወዲህ የሳቅኩት ያን ጠዋት ብቻ ነው።»

«ደስ ይላል እኮ! ታዲያ ሰበታ፣ የወጣቶች ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል አይደል?» አልኩ። አሁን የተመታው የእኔ እግር ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በማን እንደሳቅኩ ፎቶው ይናገራል?»

አንገቴን ዘርግቼ ፎቶውን አየሁት።

«አይናገርም። ሰው የሚያየው ባሏ አፈሩ ሳይደርቅ የምትገለፍጥ ሴት ነው። የባለቤቴ እህት ደግሞ ሰበታ ነው ያለችው።»

በኦሮሚያ ስንት ከተማ አለ! ሰበታ!

አዴ ጫልቱ ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ይሄ የእኔ ነው» አሉ። «ለግድግዳሽ ሌላ አንሺኝ። እንዲህ ሆኜ።»

እኔ እንባዬ መጥቷል። የሕይወቴ ፎቶ ደረት ውስጥ ገብቶ ቀረ። እትዬ ፈዲላ ግን ደስ ብሏቸዋል! ለአዴ ጫልቱ ውኃ ቀድተው ፊታቸውን አስታጠቡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቢዶኑን አስያዙ፣ ከበሩ ጎን ፀሐይዋ በምትገባበት አቆሙ። አዴ ጫልቱ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ አሉ። «አፍንጫውን መልሺው» ተባልኩ፤ መለስኩ፤ ቀረብኩ። ልጫነው ስል፦

«ቆይ!»

እትዬ ፈዲላ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። በመሐረባቸው የአዴ ጫልቱን ቦት ጫማ መጥረግ ጀመሩ።

«እትዬ! እግራቸው አይታይም! ከወገብ በላይ ነው የማነሳው! ፀሐይዋ እኮ ገባች!»

«አንቺ ባታሳዪውም እሷ ታውቀዋለች።»

ከንዴቴ የተነሳ ተጫንኩት። በቃ፣ እንደዚያ ነው የተነሳው። አዴ ጫልቱ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ እንዳይወድቁ እጃቸውን እትዬ ፈዲላ ራስ ላይ ጣል አድርገው፣ እትዬ ፈዲላ ደግሞ ጭቃ ላይ ተደፍተው። ከዚያ በኋላ ደህና ደህናዎቹን አነሳሁ። ሁሉም ትክክል ናቸው። ሁሉም የስልክ እንጨት ናቸው። አዴ ጫልቱ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አንድ በአንድ አይተው ሲያበቁ ወደ ኋላ መልሺልኝ፣ መልሺልኝ አሉና እዚያችው ላይ አቆሙኝ።

«ይሄ ይሁን።»

«ይሄማ በስህተት ነው። እትዬ ፈዲላ ገብተውበታል።»

«ለዚህ ነዋ!»

ታክሲ ውስጥ ለእትዬ ፈዲላ ሳሳያቸው ከወንበሩ ላይ ሊነሱ ደረሱ። «አጥፊው!» አሉኝ፤ ምንም ፎቶ አጥፊ ብለውኝ የማያውቁት ሴትዮ። «ሻሼ ተንሸራቷል፤ ተደፍቻለሁ። ያልተዘጋጀ ሰው አይነሳም፣ ማነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ!»

ታዲያ ብለው ሲዘጉት ምን ይባላል? የፎቶው ባለቤት አልፈቀደችም። አንደኛዋ ሳቋን ይዛ ቀረች፤ ሌላዋ ሻሼ ጠሟል አለች። ለግድግዳው የሚሆን አንዲት ፎቶ ጠፋች።

ብዙም ሳይቆይ ሱቆቹ ተነሱ። ዕቃ ስጭንላቸው ዋልኩ። መስታወቱንና ማበጠሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። «ኮቱስ?» ስላቸው «የወራቤ ወንዶች መታወቂያ አያወጡም?» አሉኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው የነገሩኝ የስንብት ቃል ምን መሰላችሁ? «ያንን ፎቶ እንዳትሰቅዪው!»

የማዕከሉ አስተባባሪ በየቀኑ «ፎቶሽ የታለ? ስምሽ ተለጥፎ ከሥሩ ባዶ ግድግዳ ነው» ይለኛል። ጓደኛዬ ሐያት «ወራቤ ናቸው እኮ! ማን ይነግራቸዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማንም አይነግራቸውም። አንድ ከሰዓት ፎቶውን ይዤ እስከ ማዕከሉ በር ሄጄም ነበር። በሩ ላይ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፦ አፍንጫውን መልሺው። እንዴት ያናድዳል! ወራቤ ተቀምጠው እንኳ ይቆጣጠሩኛል። ተመለስኩ።

በልጃቸው ስልክ ላክሁላቸው፤ እባክዎ አንዴ በደንብ ይዩት ብዬ። መልሱ መጣ፦ «በስልክ ያየሁትን አላየሁትም።» እንግዲያው ወረቀት! ትልቅ አድርጌ አሳተምኩ፣ በካርቶን መሀል አደረግኩና ወደ ወራቤ ለሚሄድ ሹፌር በእጁ ሰጠሁት። «ለፎቶው ባለቤት ብቻ» አልኩት። ስናገረው እሳቸውን መሰልኩ መሰለኝ፤ ሹፌሩ «እሺ እናቴ» አለኝ።

ከዚያ ዝም። ዝም። ዝም። እስከ ትናንት ድረስ።

ያ የድምፅ መልእክት «የወደቀ ፎቶ ነው» በሚለው አላበቃም። እዚያ ላይ ከልጃቸው ጋር ትንሽ ይነታረካሉ፣ ዶሮዋ እንደገና ትመጣለች፣ ያባርሯታል። ከዚያ እንዲህ ይላሉ፦

«ወረቀቱ እጄ ገባ። በስልክ ሳየው ያቺ ሴት እኔን ተደግፋ፣ እጇ ሻሼን ያበላሸው መስሎኝ ነበር። አልተደገፈችም፣ ሲፈን። ጣቶቿን እዪያቸው። የሻሼን ጫፍ ይዛ ወደ ቦታው እየመለሰችልኝ ነው። እኔ እግሯን ስጠርግ እሷ ሻሼን ታቃናለች። እኔ እኮ አልተሰማኝም፤ ከባድ እጅ አይደለም።»

እዚህ ላይ ተንፍሰው ተንፍሰው፣

«አይጠላም» ይላሉ።

ቤት ገብቼ ፎቶውን በኮምፒውተር ከፈትኩት። እጁ ላይ አጎላሁት። ሁለት ጣት ብቻ ነው፤ የሻሹን ጫፍ ይዟል። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃኑን ሳይ፣ ስናደድ፣ ሰዓት ሳይ፣ አላየሁትም።

እንግዲህ ቅዳሜ ሰበታ ወጣቶች ማዕከል ኑ። ፎቶው ተሰቅሏል፤ ጎንበስ ሳትሉ ታዩታላችሁ። አዴ ጫልቱ ከሱሉልታ እመጣለሁ ብለዋል፤ የባለቤታቸውን እህትም እዚሁ ሰበታ አግኝቼ ጠርቻቸዋለሁ። በዚህ ዓመት ከበረንዳችን ላይ በአፍንጫ ያነሳኋችሁም ኑ። በዝናብ ቀን ላስቲክ ደፍታችሁ የሮጣችሁት ሁለት እህትማማቾች፣ ጎማ ስትቀይር የነበርከው የአይሱዙ ሹፌር፣ ወረቀታችሁ ታትሞ በፖስታ ተቀምጧል። ከእናንተ በፊት ማንም አላየውም። ይሰቀል አይሰቀል የምትሉት እናንተ ናችሁ።

እኔ በሩ ላይ ነኝ። ያ ጥግ ጥጉ የተላጠው መስታወት አጠገቤ ይኖራል፤ ማበጠሪያውም በሲባጎው። ኮሌታችሁ ቢጠምም አቃናላችኋለሁ። የእኔም ጠሞ ካያችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።